ባለሙያው ይመልሳል፦ ሦስት የዝናብ ደን እንስሳት በአንድ የመስታወት ሳጥን ይስማማሉ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን ገዝተው «ትንሽ የዝናብ ደን» ሊሠሩበት አስበዋል። አሁን ያሏቸውን ሁለት ቀይ ዓይን የዛፍ እንቁራሪቶች፣ ወደፊት የሚገዟቸውን አራት መርዛማ እንቁራሪቶችና አንድ እስስት አብረው ሊያስገቡ ነው። ሙቀቱን በአምፖል 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለመያዝ፣ የጉም ማሽኑንም ሌት ተቀን ለማሠራት አቅደዋል። «ሁሉም የመጡት ከዝናብ ደን ስለሆነ ይስማማሉ አይደል? መርዛማዎቹስ ሌሎቹን ወይም ልጆቼን ይጎዱብኛል?» ብለው ይጠይቃሉ።

አይስማሙም። ሳጥኑ በታሰበው መንገድ ከተሠራ ቀድመው የሚሞቱት ራሳቸው መርዛማዎቹ እንቁራሪቶች ናቸው፤ የሚገድላቸውም ሙቀቱ ነው። የተረፉትን እስስቱ ሊበላቸው ይችላል። ስለ መርዙ የተሰማው ስጋት ግን፣ እንስሳቱ በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ እስከሆኑ ድረስ፣ መሠረት የለውም። ከመርዙ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል።

እነዚህ እንቁራሪቶች መርዙን በራሳቸው ሰውነት አይሠሩትም። በጫካ ከሚበሏቸው ጉንዳኖች፣ ማይት ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የአፈር ፍጥረታትና ከትናንሽ ጥንዚዛዎች የሚያገኙትን አልካሎይድ የተባለ ኬሚካል በቆዳቸው ዕጢዎች ያጠራቅሙታል። በሰው እጅ ተፈልፍሎ የፍራፍሬ ዝንብ እየበላ ያደገ እንቁራሪት ይህ ምንጭ ስለሌለው ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ቆዳው መርዝ አይኖረውም። በኮሎምቢያ የፓሲፊክ ዳርቻ የሚኖረውና የኤምቤራ ሕዝቦች በቱቦ እፍ ብለው የሚያስወነጭፉትን ቀስት ጫፍ የሚቀቡበት ወርቃማው እንቁራሪት በጫካው ውስጥ አንድ ሚሊግራም ያህል እጅግ ኃይለኛ መርዝ ይሸከማል፤ በሳጥን ተወልዶ ያደገው ልጁ ግን ምንም የለውም። ጥንቃቄ የሚሻው ከጫካ ተይዞ የመጣ እንስሳ ነው፤ ምግቡ ቢቀየርም የተጠራቀመው መርዝ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከጫካ የተያዘ አይግዙ የምለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለልጆች የሚያሰጋው ይልቁንም ሳልሞኔላ ነው። ማንኛውም እንቁራሪት፣ መርዛማ የሚባልም የማይባልም፣ ይህን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ሳጥኑን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በሌላ በኩል የሳሙና፣ የቅባትና የሽቶ ቅሪት ያለበት እጅ እንቁራሪቱን ይጎዳዋል፤ ቆዳው የነካውን ሁሉ ወደ ደሙ ያስገባልና። መንካት የግድ ሲሆን ብቻ ዱቄት የሌለበት ጓንት በንጹሕ ውኃ አርሰው ይንኩ።

ዋናው ስህተት ያለው «ከዝናብ ደን» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የዝናብ ደን አንድ ቤት አይደለም፤ በየፎቁ አየሩ የሚለያይ ሕንፃ ነው ቢባል ይቀላል። የዛፎቹ አናት ከመሬት 30 እና 40 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ላይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ነፋስ ይነፍሳል፣ እርጥበቱም በእጅጉ ይወርዳል። መሬት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩ ቀኑን ሙሉ የረጋ፣ ርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ብዙ ሰው የሚሰማው «ሞቃታማ» የሚለው ቃል የዓመቱን አማካይ ያመለክታል። በቆላ የዝናብ ደን የወሩ አማካይ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይዋዥቃል። 32 ዲግሪ የዛፍ አናት የቀትር ሙቀት ነው፤ በረገፈ ቅጠል ውስጥ የሚርመሰመስ እንስሳ የሚኖርበት አይደለም።

ሦስቱን እንስሳት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን እንስጣቸው። መርዛማ እንቁራሪቶች፣ ቢያንስ ለጀማሪ የሚሆኑት ዝርያዎች፣ የመሬትና የዝቅተኛ ግንዶች ነዋሪዎች ናቸው። በቀን ይንቀሳቀሳሉ፣ ማታ ይተኛሉ፤ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማቸዋል፣ ከ30 በላይ ከቆዩ ግን ይሞታሉ። ቀይ ዓይን የዛፍ እንቁራሪት ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ኮሎምቢያ ባሉ ደኖች ቅጠል ላይ የሚኖር የሌሊት እንስሳ ነው። ቀን ቀን እግሮቹን ከሆዱ ሥር አጥፎ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ይተኛል፤ ከእንቅልፉ በተደጋጋሚ የሚቀሰቀስ ከሆነ ይከሳል። (ይህ ዝርያ እንቁላሉን ከውኃ በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ይጥላል፤ እባብ እንቁላሎቹን መብላት ሲጀምር ውስጥ ያሉት ጽንሶች ንዝረቱን ለይተው ከቀናቸው በፊት ይፈለፈሉና ወደ ውኃው ይዘላሉ። ከሦስቱ በጣም የምወደው እሱን ነው።) እስስት ደግሞ አየር እንደ ልብ የሚዘዋወርበት፣ ቢቻል በወንፊት የተሠራ ረጅም ቤት፣ የሚሞቅበት የአምፖል ሥፍራና አልትራቫዮሌት ብርሃን ይፈልጋል። በተዘጋ ርጥብ መስታወት ውስጥ የመተንፈሻ አካሉ ይታመማል። ከአካሉ የሚረዝም ምላስ ስላለውም አፉ ውስጥ የሚገባ እንቁራሪት ካገኘ አይምርም። በገበያ በብዛት የሚገኘው የየመን እስስት እንዲያውም የዝናብ ደን እንስሳ አይደለም።

አንዳንዱ ሰው እስስቱን ትቶ ሁለቱን እንቁራሪቶች ብቻ ማዋሃድ ይፈልጋል። ይህንንም አልመክርም። አንዱ ዝርያ ለምዶት የሚኖረው ጥገኛ ተሕዋስ ወይም ፈንገስ ሌላውን ሊገድል ይችላል። አንዱ ቢከሳም ወይም ሰገራው ቢበላሽ የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። የምግቡም ልክ አይገጥምም፤ ለዛፉ እንቁራሪት የሚሆነው ፌንጣ በመርዛማው እንቁራሪት አፍ አይገባም፣ ሳይበላ ያደረው ፌንጣም የተኛውን ትንሽ እንቁራሪት ይነክሳል። የተለያዩ መርዛማ እንቁራሪቶችን ማደባለቅም ሌላ ጣጣ አለው። ባለ ቢጫ ቀበቶው፣ አረንጓዴና ጥቁሩ፣ እንዲሁም ትልቁ ባለ ሰማያዊ ቀለም እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ የተወለዱትን ዲቃሎች ደግሞ ዘሩን ጠብቆ የሚያረባ ሰው አይቀበላቸውም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ይህን ሳጥን ለአንድ ዝርያ ብቻ ያውሉት፤ ዝርያውም ባለ ቢጫ ቀበቶው መርዛማ እንቁራሪት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዴንድሮባተስ ሊዩኮሜላስ ይሁን። አገሩ ቬንዙዌላ፣ ጋያና፣ ሰሜናዊ ብራዚልና የኮሎምቢያ ጥቂት ክፍል ነው። ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፣ ደፋር ነው፣ በቡድን መኖርንም ከብዙዎቹ ዘመዶቹ በተሻለ ይችላል። በተፈጥሮው ደረቅ ወቅት ባለበት አካባቢ ስለሚኖር የጀማሪን የእርጥበት ስህተት ይታገሣል። ትልቁና ይበልጥ የሚያምረው ቲንክቶሪየስ፣ ከላይ ባለ ሰማያዊ ቀለም ያልኩት፣ ዓይን ይስባል፤ ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ተሸናፊዋም ምግብ ሞልቶ ሳለ ከስታ ትሞታለች። ለእሱ ጥንድ ብቻ ይያዛል። በእርስዎ ሳጥን አምስት ወጣት ሊዩኮሜላስ በምቾት ይኖራሉ። በጥሩ አያያዝ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚኖሩ ነገሩ የአንድ ክረምት ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ከታች የተጋገረ የሸክላ ጠጠር በ5 ሴንቲሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ በእርስዎ ሳጥን ስፋት ይህ 20 ሊትር ያህል ነው። ሥራው ትርፍ ውኃ ከአፈሩ ተለይቶ እንዲጠራቀም ማድረግ ነው። በላዩ የፕላስቲክ ወይም የፋይበር ወንፊት ይዘረጋል፤ ብረት አይሁን፣ ይዝጋልና። ከዚያ በ6 ሴንቲሜትር ውፍረት 24 ሊትር ገደማ አፈር ይመጣል። «አፈር» ያልኩት ለአጠራር ያህል ነው፤ ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሲረጥብም ስለሚጠጥር አይሆንም። በአትላንታ የዕፅዋት ማዕከል የተቀመረውና እስካሁን ያልተሻለው ድብልቅ በመጠን ሁለት እጅ የዛፍ ፈርን ጭረት፣ ሁለት እጅ የኦርኪድ ቅርፊት፣ አንድ እጅ ፒት (ከረግረግ የሚቆፈር የበሰበሰ ዕፅዋት)፣ አንድ እጅ የተከተፈ ስፋግነም ሞስ፣ አንድ እጅ የተሰባበረ ከሰል ነው። ለእርስዎ ሲሰላ ፈርኑና ቅርፊቱ ሰባት ሰባት ሊትር፣ ሌሎቹ ሦስቱ ሦስት ተኩል ሦስት ተኩል ሊትር ይሆናሉ። ከሰሉ ማቀጣጠያ ያልተቀባ ይሁን። ፒትን ብቻውን መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠቅጥቆ አየር ያጣና ይገማል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው የረገፈ ቅጠል ነው። ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ቅጠል ሳይኖር ለዚህ እንስሳ ቤት ተሠራ አይባልም። የሚደበቀው፣ የሚያድነው፣ ከመድረቅም የሚያመልጠው በእሱ ውስጥ ነው። ወፍራምና ቶሎ የማይበሰብስ ቅጠል ይምረጡ፤ የኦክ፣ የማግኖሊያ ወይም የዘይቱን ቅጠል ይሆናል። ባሕር ዛፍና ጥድን የመሰሉ ዘይትና ሙጫ ያላቸውን ይተው። ፀረ ተባይ ካልተረጨ ዛፍ ይልቀሙ፣ ግማሽ ሰዓት ቀቅለው ያስገቡ። በየሦስት ወይም አራት ወሩ ስለሚሳሳ ይጨምሩበታል።

ዕፅዋቱ ሲመጡ ሥራቸው ላይ ያለው አፈር ሙሉ በሙሉ ይታጠብ። ቅጠላቸውን አንድ እጅ በረኪና በአሥራ ዘጠኝ እጅ ውኃ በተበረዘ ውሕድ ውስጥ ለሦስት ደቂቃ ነክረው ብዙ ጊዜ ያለቅልቁት፤ ይህ የቀንድ አውጣ እንቁላልንና ተባይን ይቀንሳል። ፖቶስ፣ ፈርንና ብሮሜሊያድ በቂ ናቸው። መብራቱ 6500 ኬልቪን ኤልኢዲ ሆኖ በቀን 12 ሰዓት ይብራ። የኮኮናት ቅርፊት ለሁለት ተሰንጥቆ መግቢያ ሲወጣለት ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ለየአንዳንዱ እንቁራሪት አንድ አንድ ያስቀምጡ። ጥልቅ የውኃ ገንዳ አያስፈልግም። እነዚህ እንስሳት በሆዳቸው ቆዳ ስለሚጠጡ ርጥብ ቅጠል ይበቃቸዋል፤ ደህና ዋናተኞች ስላልሆኑ ግን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሊሰምጡ ይችላሉ።

ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ስፕሪንግቴይልና አይሶፖድ የሚባሉትን የአፈር ፍጥረታት ይልቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ ነጫጭ ናቸው፣ ሲነኳቸው ይስፈነጠራሉ። ሁለቱም ሻጋታንና ሰገራን እየበሉ ቤቱን ያጸዳሉ፣ ለእንቁራሪቱም መክሰስ ይሆናሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ቢወጣ አይደንግጡ፤ እነሱ ሲበዙ እሱ ይጠፋል። ቸኩለው እንቁራሪቶቹን ቀድመው ካስገቡ ግን ጽዳት ሠራተኞቹ ገና ሳይበዙ ተበልተው ያልቃሉ፣ ሻጋታውም ይነግሣል።

የጉም ማሽኑን ያቁሙት። እርጥበት ማለት ሁልጊዜ ተነክሮ መዋል አይደለም። ቅጠሉ ፈጽሞ ሳይደርቅ የሚውልበት፣ አየሩም የማይንቀሳቀስበት ሳጥን የቆዳ ኢንፌክሽን መፍለቂያ ነው፤ ማሽኑ ራሱ በማጠራቀሚያው ውስጥ የተራባውን ባክቴሪያ ከጉሙ ጋር ይረጨዋል። በምትኩ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ፣ ከ30 እስከ 60 ሰኮንድ ውኃ ይርጩ። ክዳኑ መስታወት ሆኖ አሥረኛው እጅ ያህል በጥሩ ወንፊት ክፍት ይሁን። የእርጥበት መለኪያው ከ70 እስከ 100 ከመቶ ሲዋዥቅ ትክክል ነው። ርካሽ መለኪያዎች ከ90 በላይ ስለሚዋሹ ይበልጥ ቅጠሉን ይመኑ፤ የላይኛው ቅጠል በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ግን ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ለመርጨት በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ መስታወቱን አያነጣውም። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ ክፍት ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ሲያድር ይወጣል፤ አንዳንድ ቦታ በክሎሪን ፈንታ የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣም፣ ማከሚያ ጠብታ ያስፈልገዋል። ታች የተጠራቀመው ውኃ አፈሩን ሊነካ ሲደርስ በቱቦ ይሳቡት። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከመጣ ዘግይተዋል ማለት ነው።

የሙቀት አምፖሉንም ይመልሱት። የመብራቱ ሙቀት ብቻ ሳጥኑን ከክፍሉ በጥቂት ዲግሪ ስለሚያሞቀው፣ ክፍልዎ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ከሆነ ሌላ ማሞቂያ አያሻም። ከዚያ በታች ከሆነ የማሞቂያ ምንጣፍ በሳጥኑ ጀርባ ከውጭ ለጥፈው በቴርሞስታት 25 ላይ ይገድቡት። ከሥር ፈጽሞ አያስገቡት፤ እንቁራሪት ሲሞቀው ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ታች ስለሚቆፍር ራሱን ወደ እሳቱ ያስጠጋል። ክፍሉ ከ28 የሚያልፍ ከሆነ በወንፊቱ ላይ ትንሽ ማራገቢያ አዙረው ውኃ መርጨቱን ይጨምሩ፣ መብራቱንም ለጊዜው ያጥፉ። ትነቱ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። ያ የማይበቃበት ክፍል ከሆነ እነዚህን እንስሳት አይያዙ። ሌሊት ወደ 19 ወይም 20 ቢወርድ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም።

ምግቡ ከሳጥኑ ይበልጥ ሥራ አለው፤ አብዛኛው ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። የሚበሉት መብረር የማይችሉ የፍራፍሬ ዝንቦችን ነው። ትንሹ ሜላኖጋስተር በሁለት ሳምንት፣ ትልቁ ሃይዳይ በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ20 እስከ 40 ዝንብ ይሰላል። ለአምስቱ በየሳምንቱ ሁለት አዲስ የአንድ ሊትር ማራቢያ መጀመር አለብዎ፤ አንድ ሳምንት ቢዘሉ ረኃቡ የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነውና አይታወቅዎትም። ማራቢያዎቹ ከ29 ዲግሪ በላይ ከሞቁ ወንዶቹ ዝንቦች ይመክናሉ። ወር የሞላው ማራቢያ ደግሞ የማይት መራቢያ ስለሚሆን ይጣል።

ዝንቡ ብቻውን ምግብ አይሆንም። በደረቅ ኩባያ ውስጥ ከካልሲየም፣ ከቫይታሚን ዲ3ና ከተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ ዱቄት ጋር አንቀጥቅጠው ነጭ እስኪሆን ይሸፍኑት። ጠዋት ይስጡ፤ ዝንቡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ራሱን ስለሚያጸዳ ዘግይቶ የተበላው ዝንብ ባዶ ነው። «ተዘጋጀ» ያልኩትን ልብ ይበሉ። ብዙ እንቁራሪቶች በዕፅዋት ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ በደንብ አይለውጡትም፤ ዱቄቱ ላይ ሬቲኖል፣ ማለትም የተዘጋጀው ቫይታሚን ኤ፣ መኖሩን ያንብቡ። ሲጎድል ምላሳቸው መያዝ ያቅተዋል፤ እንቁራሪቱ ዝንቡን ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ ደጋግሞ ይስታል። ይህን ያየ ሰው «ምግብ ጠልቷል» ይላል፤ እንስሳው ግን ርቦት ነው። ዱቄቱ ከተከፈተ ከስድስት ወር በኋላ ኃይሉን ስለሚያጣ ቢተርፍም ይቀየር።

ሲገዙ በሰው እጅ የተፈለፈለ፣ ከውኃ ከወጣ ሦስት ወር የሞላውና ፊትዎ የሚበላ ብቻ ይውሰዱ። የዴንድሮባተስ ወገን ከ1987 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ፣ ድንበር ከተሻገረ ሕጋዊ ወረቀቱን ይጠይቁ። ወረቀት የሌለው ርካሽ እንቁራሪት ብዙ ጊዜ ከጫካ የተያዘ ነው። አዲሶቹን በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ አያስገቧቸው። ርጥብ የወረቀት ፎጣ በተነጠፈበት ቀላል የፕላስቲክ ዕቃ ለ60 ቀን ለይተው ያቆዩ፣ ሰገራቸውን ለእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩ፣ የቆዳ ናሙናም ለካይትሪድ ፈንገስ ምርመራ ያሰጡ። ይህ ፈንገስ በሳይንስ የተገለጸው በ1999 ሲሆን፣ የተለየውም በዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ከሞተ ሰማያዊ መርዛማ እንቁራሪት ነበር። ቆዳን ስለሚያወፍር የሶዲየምና የፖታሲየም ሚዛን ይዛባል፣ መጨረሻ ላይም ልብ ይቆማል። በዓለም ዙሪያ ከ500 በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቹ ዝርያዎች በእሱ ተመናምነዋል። ስለዚህ ከሳጥኑ የሚወጣ ውኃ ወደ ጓሮም ወደ ወንዝም አይደፋም፤ በአንድ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምረው አንድ ሰዓት ካቆዩ በኋላ በመጸዳጃ ቤት ይድፉት። እንስሳቱንም ቢሰለቹዎት ወደ ዱር አይልቀቁ።

ሁለቱን ቀይ ዓይን እንቁራሪቶች ለብቻቸው 45 በ45 በ60 ሴንቲሜትር በሆነ፣ ቁመቱ በሚበልጥ ሳጥን ያኑሯቸው። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች፣ በየምሽቱ የሚቀየር የውኃ ሳህን፣ ቀን 25፣ ሌሊት 21 ዲግሪ ይበቃቸዋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ በየሁለት ቀኑ፣ ከሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል ካለው ስፋት የማይበልጡ አራት ወይም አምስት ፌንጣዎች በዱቄቱ ነስንሰው ለየአንዳንዳቸው ይስጡ፤ ሳይበሉ ያደሩትን ጠዋት ያውጡ። እስስቱን አይግዙ። የ90 ሴንቲሜትሩን ሳጥን ዛሬ ቢጀምሩ እንቁራሪቶቹ የሚገቡበት ጊዜ ከአራት ወር ወዲህ አይሆንም፤ ስድስት ሳምንት ለአፈሩ ፍጥረታት፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይቋረጥ ዝንብ ማምረት መቻልዎን ለማየት፣ ቀሪው ለይቶ ማቆያ ነው።